ሥዕሉ መጣ፣ ድምፁ ሄደ፦ የቴሌቪዥን ዕቃዎች የዘወትር ስሞች ከየት መጡ?



የዛሬው ገለጻዬ የሚጀምረው ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከቆርቆሮ ጣራ ነው። ትዕይንቱን የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል ብዬ አልገምትም። አንድ ወጣት ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሹን በሁለት እጁ ይዟል። የቤቱ አባወራ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመዋል። በመካከላቸው፣ ከበሩ ደፍ ላይ፣ ቃል አቀባይ የሆነ አንድ ልጅ አለ። «መጣ?» ይላል ጣራ ላይ ያለው። «አልመጣም በለው» ይላሉ አባወራው። ጥቂት ቆይቶ «መጣ! መጣ! እንዳትነካው!» ይባላል። ወዲያው ደግሞ «ኧረ ሄደ! መልሰው!» «ጋሼ፣ አሁንስ ያዘ?» «ሥዕሉ መጥቷል ልጄ፤ ድምፁ ነው የሄደው።»

ከዚህ አጭር ምልልስና በዙሪያው ካለው ወሬ ስሞቹንና ግሦቹን ለያይተን እንመልከት። ዲሽ፣ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ሲግናል የሚሉት ስሞች ሁሉ ከውጭ የገቡ ናቸው። መጣ፣ ሄደ፣ ያዘ፣ ጠፋ፣ አዙረው፣ መልሰው ከሚሉት ግሦች ግን አንዱም አልተዋሰም። ለእንግዳ፣ ለዝናብና ለበሽታ ስንገለገልባቸው የኖርን የገዛ ግሦቻችን ናቸው። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ውኃ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አሁን ደግሞ ሲግናል ይመጣል፣ ይሄዳል። ሪሲቨር የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ «ተቀባይ» ማለት ነው። ስሙን ወሰድን እንጂ በውስጡ ያለውን ሐሳብ አልወሰድንም። በእኛ አነጋገር ሲግናልን የሚቀበለው የለም፤ እርሱ ራሱ በፈቀደ ጊዜ ይመጣል፣ ባልፈቀደ ጊዜ ይቀራል።

በቅኔ ቤት ያለፋችሁ አንድ ቃል ሲነሣ መምህሩ አስቀድመው ግሡን እንደሚጠይቁ ታውቃላችሁ። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤት የአንድን ስም ዘር ሳያወጡ ምስጢሩን መናገር አይቻልም። እኔም በዚሁ ልማድ ልሄድ አስቤአለሁ። ችግሩ ዲሽ፣ ዴክና ሪሞት በግእዝም በአማርኛም ግሥ የሌላቸው መሆኑ ነው። ዘራቸውን ለማግኘት ባሕር መሻገር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የዕቃው ዋና ስም። ቴሌቪዥን የሚለውን ቃል ኮንስታንቲን ፔርስኪ የተባለ ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1900 በፓሪስ በተካሄደ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ ተጠቀመበት። ዕቃው ራሱ ገና አልተሠራም ነበር፤ ስሙ ከባለ ስሙ ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው። «ቴሌ» የግሪክ ነው፣ ሩቅ ማለት ነው፤ «ቪዥን» የላቲን ነው፣ ማየት ማለት ነው። ግማሹ ግሪክ ግማሹ ላቲን የሆነ ቃል ዲቃላ ነው ብለው የተሳለቁ ሊቃውንት በአውሮፓ ነበሩ። ወደ እኛ የመጣው ስልሳ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ከነበረው ስቱዲዮ ሥርጭቱን ሲጀምር ስሙን እንዳለ ተቀበልነው።

ይሁን እንጂ አማርኛ ዝም ብሎ አልተቀበለም። «በቴሌቪዥን መስኮት ቀረበ» እንላለን። መስኮት የግእዝ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው በዚህ ቦታ የሚያኖረው ስክሪንን ነው፣ ስክሪንም በጥንት ፍቺው መከለያ ማለት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንዱ ሕዝብ የዕቃውን ፊት መከለያ ሲለው ሌላው መስኮት አለው። መከለያ ብርሃን የሚያርፍበት ነው፤ መስኮት ብርሃን የሚያልፍበት ነው። አማርኛ ተናጋሪው ከመስተዋቱ በስተጀርባ አገር አለ ብሎ ያስባል። ስለዚህም ነው መብራትን «አብራው፣ አጥፋው» የምንለውን ያህል ቴሌቪዥንን «ክፈተው፣ ዝጋው» የምንለው። ሬዲዮንም እንዲሁ እንከፍታለን። በዚህ ብቻችንን አይደለንም፤ ዓረቡም ቱርኩም በዘወትር ንግግሩ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። የእኛው ልዩነት የሚከፈተው ነገር ስም ያለው መሆኑ ነው፤ የሚከፈተው መስኮት ነው።

አማርኛ እንዲህ ያለውን ሥራ ከቴሌቪዥን በፊትም ያውቀዋል። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባውን የመነጋገሪያ ዕቃ ዓለም ቴሌፎን ሲለው እኛ ስልክ አልነው። ስልክ በዓረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ድምፁ የሚጓዝበት ሽቦ የዕቃው ሁሉ ስም ሆነ። ግሡን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አመጣነው፤ «ደወለ» የደወል ግሥ ነው። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ሽቦም ደወልም የለውም፤ ሆኖም «ሽቦ ደውልልኝ» እያልን ነው ማለት ይቻላል።

የአንድን የቴሌቪዥን ጠጋኝ የመሣሪያ ሣጥን ብትከፍቱ የአገሪቱን የመቶ ዓመት ግንኙነት በንብርብር ታገኙታላችሁ። ብሎን የሚፈታበት ካቻቪቴ ነው፤ ጣሊያንኛ ነው፣ «ብሎን አሳዳጅ» እንደማለት። ሽቦ የሚቆነጥጥበት ፒንሳ ነው፤ እርሱም ጣሊያንኛ ነው። ሶኬት ውስጥ የሚሰካው ስፒና ነው፤ ስፒና በጣሊያንኛ እሾህ ማለት ነው። በእሾህ አጥር መካከል ላደገ የጎጃም ገበሬ ይህ ፍቺ ቢነገረው ምንኛ በወደደው ነበር! የእጅ መሣሪያው ጣሊያንኛ ሲሆን የሚጠገነው ዕቃ ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ቦርድ፣ ሪሲቨር፣ ሪሞት። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ጋራዡና የኤሌክትሪክ ዝርጋታው በጣሊያኖች እጅ ብዙ ተስፋፍቶ ነበር፣ ከወረራው በኋላም አገር ውስጥ የቀሩ ጣሊያናውያን ሙያተኞች ሥራውን ለኢትዮጵያውያን አስተምረዋል። ሪሲቨርና ሪሞት በመጡ ጊዜ ግን መመሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ።

ከእንግሊዝኛዎቹ መካከል የባለቤቱን አገር ጥሎ የተሰደደ ፍቺ ያለው አንድ አለ፤ ዲቫይደር። ከአንድ ሶኬት አራት አምስት ዕቃ የምንሰካበትን ማከፋፈያ እንዲህ እንለዋለን። እንግሊዛዊ ቢሰማ አይገባውም፤ በእርሱ ቋንቋ ዲቫይደር ለዚህ ዕቃ አይውልም። ቃሉን ተውሰን ሥራውን እኛ ሰጠነው። ዴክም እንዲሁ ነው። የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻውን፣ ኋላም ሲዲ ማጫወቻውን፣ ዴክ አልነው። ቃሉ በደች ቋንቋ መሸፈኛ ማለት ነበር፤ የመርከብ ወለል ሆነ፣ ቀጥሎ የቴፕ ማጫወቻ ሆነ፣ በመጨረሻ ባሕር በሌለበት ደጋ ላይ የቪዲዮ ቤት ንጉሥ ሆነ። የቪዲዮ ቤት ትዝታ ያላችሁ ስትሥቁ አያለሁ፤ በዚህ አልዘገይም።

የምዘገይበት ቃል ድንጋይ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በከተማችን ገበያ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ገቡ። «ልጄ፣ ባትሪ አለህ?» አሉ። ባለ ሱቁ ወጣት «አለ አባ፣ ለየትኛው ስልክ?» አላቸው። አዛውንቱ ግራ ተጋቡ። እርሳቸው የጠየቁት ሌሊት የሚያዩበትን የእጅ መብራት ነው፤ በአማርኛችን ባትሪ እርሱ ነውና። ወጣቱ ነገሩ ሲገባው ባትሪውን አወጣና «ድንጋይ አብሮ ይሁን?» ብሎ ጠየቃቸው። በዚህ ላይ ሁለቱ ተግባቡ።

ፈረንጅ ባትሪ የሚለውን ኃይል ሰጪ ዕቃ እኛ ድንጋይ አልነው፤ ባትሪ የሚለውን ስም ደግሞ ድንጋዩን ለሚበላው መብራት ሰጠነው። ስለዚህ የሪሞት ድንጋይ፣ የሬዲዮ ድንጋይ፣ የባትሪ ድንጋይ እንላለን። አንዳንዶች ይህ የመሃይም ስሕተት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። አይደለም። በግብፅ ዓረብኛም የባትሪ ድንጋይ «ሐጀር» ይባላል፤ ሐጀር ድንጋይ ነው። በእኔ ግምት ቃሉ ከሸቀጡ ጋር በዓረብ ነጋዴዎች አፍ መጥቶ ወደ አማርኛ ተተረጐመ። ሌላም የሚደግፈው ነገር ነበር። እሳት ከድንጋይ እንደሚወጣ ሕዝቡ ያውቃል፤ የባልጩትና የብረት እሳት፣ ኋላም የላይተር ድንጋይ ነበር። ትንሽ፣ ጠጣር፣ ከባድ፣ በውስጡ እሳት የያዘ ነገር በአማርኛ ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሞቀው ነበር፤ ሙቀት በውስጡ ያለውን የኬሚካል ሥራ ስለሚያፋጥነው በእርግጥም ለጥቂት ጊዜ ያገግማል። ስሙን ያወጣው ሕዝብ ጠባዩንም ያውቅ ነበር ማለቴ ነው።

ቃሉ ግን እየደከመ ነው። ተማሪዎቼን ስጠይቅ አብዛኞቹ ባትሪ ሲባል ስልክ ውስጥ ያለውን ያስባሉ፤ ለአያቶቻቸው ባትሪ የእጅ መብራት ነው። አንድ ቃል በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዕቃ ሆኗል።

አሁን ወደ ጣራው እንመለስ። ዲሽ በእንግሊዝኛ ሳህን ማለት ነው። ሳህን ደግሞ ራሱ ከዓረብኛ የወሰድነው ቃል ነው። የሚገርመው በሶርያና በሊባኖስ አካባቢ ያሉ ዓረቦች የሳተላይት ዲሹን በገዛ ቋንቋቸው «ሳህን» ሲሉት፣ በግብፅ ደግሞ «ዲሽ» ብለው የእንግሊዝኛውን ይዘዋል። እኛ የግብፁን መንገድ መረጥን። ለምን? የሳህን ስም በማጀት ሥራ ስለ ተያዘ ይመስለኛል። «ሳህኑን አውርደው» ቢባል ልጁ ወደ ጣራ ሳይሆን ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። እንግሊዛዊው ይህ ግራ መጋባት ሳያስፈራው አንዱን ቃል ለሁለቱም አዋለው፤ አማርኛ ግን ዕቃ ቤቱንና ጣራውን ለየ። በነገራችን ላይ ዲሽንና ዲሽቃን የሚያዛምዱ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ዲሽቃ የሩሲያ መትረየስ ስም ነው፤ የሁለት መሐንዲሶች ስምና «ትልቅ አፈሙዝ» የሚል ቃል የመጀመሪያ ፊደላት ተጋጥመው የወጣ ነው። የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይደለም።

ሳተላይት በላቲን አጃቢ፣ የጌታ ሎሌ ማለት ነበር። ዮሐንስ ኬፕለር በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ በጁፒተር ዙሪያ ለሚዞሩት ጨረቃዎች ስም አድርጎ ሰጠው። ጠፈር አቋራጩን ተሽከርካሪ ከግእዝ አውጥተን መንኮራኩር ብለን ስንሰይም ሳተላይትን ግን እንዳለ ተውነው። ከዚያም አንድ ነገር ተከሰተ፤ ሕዝቡ ጅራቱን ቆርጦ ወሰደ። ዓረብሳት፣ ናይልሳት፣ ኢትዮሳት። «ሳት» ዛሬ በአማርኛ ራሱን ችሎ ስም የሚያወጣ ቅጥያ ሆኗል።

ናይልሳት የግብፅ ሳተላይት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1998 ወደ ጠፈር መጠቀ። ናይል ማን ነው? ዓባይ ነው። ጎጃም በዓባይ የተከበበ አገር ነው። ከዚህ አዳራሽ ተነሥታችሁ ወደ ደቡብም ወደ ምሥራቅም ብትሄዱ ዓባይ ያገኛችኋል። ሆኖም ይህ ሕዝብ የገዛ ወንዙን የፈረንጅ ስም ጣራው ላይ ሰቅሎ ለዓመታት ሲያይ «የዓባይ ሳተላይት ነው» ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። የተውሶ ቃል እንዲህ ነው፤ በውስጡ ያለውን ነገር ይሸፍናል። ስም በድምፁ ብቻ ሲገባ የሚያውቁትን ዘመድ እንኳ እንግዳ ያደርገዋል።

ከ2012 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደ ተባለው መስመር ሲዛወሩ ለውጡ በከተማው ጣራ ላይ ታየ። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው የሚገኘው፤ ከደብረ ማርቆስ ሲሰላ ዲሹ ወደ ምዕራብ ፊቱን አዙሮ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት አለበት። ኢትዮሳት የሚጠቀምበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ለእርሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ 64 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ማየት ይኖርበታል። ስለዚህ ምዕራብ የሚያዩ ዲሾች በየተራ ዞሩ። ባለሙያው ይህን «አዞርኩት» ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ «ዲሽ አስዞርኩ» ይላል። «ማስዞር» የሙያ ቃል ሆኖ ዋጋም ወጣለት። ማንም ምሁር አላወጣውም።

ከዲሹ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ትንሽ ዕቃ ኤል ኤን ቢ ትባላለች፤ ሎው ኖይዝ ብሎክ የሚለው ምሕፃር ነው። የሚያስተካክሏት ወጣቶች ግን ሲጠሯት የምሰማው «ኤል ኤም ቢ» እያሉ ነው። ይህን ስሕተት የሚል ካለ «እንቢ»ን «እምቢ»፣ «እንብርት»ን «እምብርት» የምንለው እኛው መሆናችንን አስታውሰዋለሁ። «ን» ከ«ብ» ፊት ሲቆም ከንፈር እንዲገጥም ወደ «ም» ይለወጣል። ወጣቱ ጣራ ላይ ሆኖ የአማርኛን የድምፅ ሕግ ለእንግሊዝኛ ምሕፃር ሥራ ላይ አውሎታል። እስክሪን፣ እስቱዲዮ ስንልም ያው ነው፤ ሁለት ተነባቢ በቃል መነሻ ላይ ሲገጥመን «እ»ን እናስቀድማለን። ቴሌቢዥን፣ ቢዲዮ የሚሉትም አዛውንት የሚናገሩት አማርኛ ያልነበረውን «ቭ» በቅርብ ጎረቤቱ በ«ብ» ተክተው ነው። ፊደላችንም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፤ ቨ ማለት በ ላይ ጭረት የተጨመረበት አይደለምን?

በ1977 ዓ.ም. ከኢሠፓ ምሥረታ ጋር ተያይዞ መደበኛው ሥርጭት ባለ ቀለም ሆነ። ስለዚህ ቃል አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቀለም ከግሪኩ «ካላሞስ»፣ ማለትም ከሸምበቆ ብዕር፣ የመጣ ቃል ነው፤ በእኛ ዘንድ መጻፊያው፣ ትምህርቱ፣ ኋላም ኅብሩ ሁሉ ቀለም ተባለ። በዚህ አገር ሊቅ «የቀለም ቀንድ» ነው። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን መጣ ሲባል የቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ጆሮ ምን እንደሰማ ማሰብ ያስደስተኛል።

የቀለም ነገር ከተነሣ ደግሞ ዛሬ በዋናነት ላነሣው ወደፈለግሁት ቃል ደርሰናል። ፕላዝማ።

ከመካከላችሁ በ1997 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ትኖራላችሁ። በዚያን ጊዜ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም ትምህርቶች በሳተላይት አማካይነት በየክፍሉ በተሰቀለ ጠፍጣፋ የቴሌቪዥን መስኮት በእንግሊዝኛ ይሰጡ ጀመር። ትምህርቶቹ የተቀረጹት በደቡብ አፍሪካ ነበር። የዕቃው ቴክኖሎጂ ፕላዝማ ይባል ነበርና ቃሉ መጀመሪያ የመስኮቱ፣ ቀጥሎ የትምህርቱ፣ በመጨረሻም የአስተማሪው ስም ሆነ። «ፕላዝማ አለን»፣ «ፕላዝማ አመለጠኝ»፣ «ፕላዝማው እንዲህ ብሎ አስተማረን» ይባል ነበር። ሰሌዳ አስተማረን ያለ ተማሪ በታሪክ አልነበረም።

የቃሉ ጉዞ ረጅም ነው። ፕላዝማ በግሪክ የተቀረጸ፣ በእጅ የተበጀ ነገር ማለት ነው፤ ፕላስቲክ የሚለውም ከዚሁ ግሥ ይወጣል። ሐኪሞች የደምን ፈሳሽ ክፍል በዚህ ስም ጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሙር በኤሌክትሪክ ኃይል የተከፋፈለን ጋዝ ፕላዝማ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና ሮበርት ዊልሰን በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ የታመቀ ጋዝን እያበሩ ምስል የሚያሳይ መስኮት ፈለሰፉ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረበት ዓመት ነው። የተሠራበትንም ዓላማ ልብ በሉ። ፕላዝማ የተፈለሰፈው ለፊልም ወይም ለኳስ ጨዋታ አልነበረም። ተማሪዎች በኮምፒዩተር እንዲማሩ ለተዘረጋ ሥርዓት ነበር፤ ስሙም ፕላቶ ይባል ነበር፤ በግእዝ መጻሕፍት አፍላጦን የምንለው የፈላስፋው ስም ነው። ዕቃው ዓለምን ዞሮ ወደ ሳሎንና ወደ መሸታ ቤት ከገባ በኋላ አርባ ዓመት ቆይቶ በኢትዮጵያ ተመልሶ ወደ ተወለደበት ክፍል ገባ፤ ወደ መማሪያ ክፍል።

አንድ ልዩነት ግን ነበር፤ ልዩነቱም በእኛ ስም አወጣጥ ውስጥ ተደብቋል። በፕላቶ ሥርዓት ተማሪው ቁልፍ ይጫናል፣ ይመልሳል፣ ይሳሳታል፣ ማሽኑም ይጠብቀዋል። የእኛው ፕላዝማ ከሩቅ የሚሠራጭ ነበርና አይጠብቅም። ተማሪው እጁን ቢያወጣ አያየውም። ዓረፍተ ነገሩን ጽፎ ሳይጨርስ ገጹ ይለወጣል። በእኛ አገር የኔታ ፊት የተቀመጠ ተማሪ ቃሉ እስኪገባው ድረስ ይቀጽላል፤ ያልገባው ወደሚቀጥለው አይሻገርም። እኔ በዚያ ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ሥርጭቱ ሲጀምር ከመስኮቱ ጎን እቆማለሁ፤ ሲያበቃ የቀረችኝን ጥቂት ደቂቃ ለማብራራት እሽቀዳደማለሁ። አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ተማሪዎቹ «ዛሬ ፕላዝማ የለም» ብለው ደብተራቸውን ማጠፍ ጀመሩ። እኔ ግን ጠመኔ ይዤ ቆሜአለሁ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ በትሕትና ተነሥታ «መምህር፣ ታዲያ እርስዎ ያስተምሩናል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልጅቷ አልተሳሳተችም። ስሙ እንዲህ እንድታስብ አድርጓታል። ዕቃው የትምህርቱን ስም ከወሰደ ዕቃው ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል፤ ክፍል ውስጥ የቀረው ሰው ደግሞ ስም አልባ ነው። በዚያ ቀን እስከ ደወል ድረስ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እያቀላቀልኩ አስተማርኋቸው፤ ከስድስት ሳምንት በፊት ያለፈውን ምዕራፍ ነበር የጠየቁኝ። የተሠራጨው ሁሉ አልፏቸው ነበር። ይህን የምናገረው መርሐ ግብሩን ለመክሰስ አይደለም፤ መምህር ያልነበረባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ፣ ለእነርሱ ከምንም ይሻል ነበር። እኔ የቋንቋ መምህር ነኝና የሚያሳስበኝ ስሙ ነው። «የሳተላይት ትምህርት» ቢባል ኖሮ፣ ወይም «የምስል አጋዥ» ቢባል፣ ያቺ ልጅ ያን ጥያቄ ትጠይቅ ነበርን? ለዚህ መልስ የለኝም ብዬ አላልፈውም፤ በእኔ እምነት አትጠይቅም ነበር። አጋዥ ያለ ታጋዥ አይኖርምና።

በዚህ ምክንያት ነው ለተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲመርጡ ወደ ጥገና ቤቶች ሂዱ የምላቸው። ኢትዮጵያ በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ አቋቁማ ነበር፤ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታትሟል። ትልቅ ድካም የፈሰሰበት ሥራ ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ብዙ ጊዜ መጽሐፉ መኖሩን የሚያውቁት ከእኔ ነው። ከተቀናበሩት ቃላት መካከል ከሰዉ አፍ የገቡት ዕድለኞች ጥቂት ናቸው፤ ድምፅ ማጉያ፣ ማዳመጫ፣ መቆጣጠሪያ። እነዚህ ለምን ዘለቁ ብትሉ ግሣቸው ስለሚታይ ነው። ማጉያው ያጎላል፣ ማዳመጫው ያስደምጣል፤ ማንም ሳያስረዳው ሕፃን ይረዳዋል። «የርቀት መቆጣጠሪያ» ግን በሪሞት ተሸነፈ፤ ጉድለቱ ርዝመቱ ነው። ሪሞት እዚያ ሶፋ ሥር ወድቋል ለማለት ያን ሁሉ ቀለም ማውጣት ማንም አይፈልግም። የሚያስቀው ሪሞት በላቲን «የራቀ» ማለት መሆኑ ነው፤ ሁልጊዜም የሚርቀው ለዚህ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ይህን ገለጻ ሳዘጋጅ ወደ ኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ጎራ ብዬ ነበር። ፕላዝማ የሚባለውን መስኮት በዓለም ላይ ያመርቱ የነበሩት ታላላቅ ኩባንያዎች ማምረት ካቆሙ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ሻጩ አንዱን ካርቶን እየደባበሰ «መምህር፣ ይህን ፕላዝማ ይውሰዱ፣ አርባ ሦስት ኢንች ነው» አለኝ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ኤል ኢ ዲ ተብሎ ተጽፏል። ድንጋይ ከሪሞቱ ጋር አብሮ እንዳለ ጠየቅሁት። «ሁለት ድንጋይ አለው» አለኝ፤ እኔም ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት።

እዚህ ላይ ላብቃ። ጥያቄ ያለው፣ ወይም በቤቱና በቀዬው የሚባል ሌላ ስም የሚያውቅ ካለ፣ ድምፅ ማጉያው በስተቀኝ በኩል ይዞራል።